ከወንዙ ያመጣነው ጥቁር ድንጋይ

ኅዳር 6
ሐኪሙ «ይራመድ» ስላለ የእሑድ ድንጋይ ለቀማችንን እንደገና ጀመርን። ባሌ በከዘራ፣ እኔ በዘንቢል። ውኃው ዳር ጎንበስ አለና በደህናው እጁ አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሳ። ቡጢ ቢያህል ነው፤ ክብደቱ ግን ጉድ! የዘንቢሉን ጆሮ ሊገነጥለው ነበር።

ስንመለስ ድንገት «ብረት» አለ። ጥርት አድርጎ።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ማንኪያውን «በር»፣ እኔን ደግሞ «ወንበር» የሚል ሰው ነው። (ወንበር መባሌን ለማንም አልተነፈስኩም።) አሁንስ? ድንጋዩን አውቆት ነው ወይስ ቃል ተምታቶበት?

ኅዳር 7
ለልጃችን ደውዬ ነገርኳት።

«እማዬ፣ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በያጅ ነበር። አፉ የለመደውን ነው ያለው... በከንቱ ተስፋ አታድርጊ።»

እናያለን። ይኼን ድንጋይ ሳላጣራ አላርፍም። ብረት ከሆነ ቃሉ እየተመለሰለት ነው ማለት ነው።

ኅዳር 8
የወደቀ መርፌ የምለቅምበትን ማግኔት አስጠጋሁ። ንክችም አላለው። ደጋገምኩ... ምንም።

«ብረት አይደለም እኮ» አልኩት። ምን አስቸኮለኝ? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምሳውንም አልነካ። አፌን ይቁረጠው!

ኅዳር 10
ጎረቤታችን፣ የሳይንስ አስተማሪው፣ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እግሩን ለክቼ ሳልጨርስ ድንጋዩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። መዘን መዘን አደረገው።

«ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ብረት የለበትም ማለት አይደለም፣ እትዬ። ሴራሚክ ላይ ይፈግፍጉት። የሚተወውን ቀለም ይዩ።»

መታጠቢያ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ሴራሚክ አልጋ ሥር ነበረን። ክንዴ እስኪዝል ፈገፈግኩ። ሴራሚኩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ልጄ ልክ ናት ማለት ነው? አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

ኅዳር 11
ሱሪውን ላስረክብ ስሄድ ሴራሚኩንም ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። አስተማሪው አየውና ሳቀ።

«በሚያብረቀርቀው በኩል ነው እንዴ የፈገፈጉት? በጀርባው እኮ ነው! በሻካራው!»

ዕድሜዬን ሙሉ የጨርቅ ፊትና ጀርባ ስለይ የኖርኩ ልብስ ሰፊ... እንዲህ ልጃጃል? የሱሪውን ነገር እዚያው ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። እሱም ተከተለኝ።

ባሌ ፊት ቁጭ ብዬ ሴራሚኩን ገለበጥኩ። ድንጋዩን አንዴ ብቻ ሳብ አደረግኩበት። ቀይ! ያ ጥቁር ድንጋይ የሸክላ ቀይ መስመር ተወ።

«ሄማታይት ነው» አለ አስተማሪው በሩ ላይ ቆሞ። «ብረት ከእሱ ነው የሚወጣው። ጋሼ ልክ ናቸው።»

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ባሌ ቀደመኝ።

«አላልኩሽም?»

ደስታዬን የት ላድርገው?

ኅዳር 20
ከወንዝ ተመለስን። ማንኪያው ዛሬም «በር» ነው። አሁን ግን አላርመውም፤ እጠብቀዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ «ማንኪያ» አለ።

ልጃችን ደወለች። ድንጋዩን ጭኑ ላይ አድርጎ ስልኩን ተቀበለኝ።

«እናትሽ...» አለና ቃል ፍለጋ ገባ። አሁን ወንበር ሊለኝ ነው...

«እናትሽ ደረቅ ናት።»

ቃሉ ልክ ነው።