በወይን እርሻው ሰማይ ላይ ያንተ ቦታ

ኦሞዴ፣ የኔ ባለ ጀልባ፤

ከተለያየን ወዲህ ባሮ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ጎደለ። አንተ ዘመን የምትቆጥረው በወንዙ ስለነበር እኔም እንደዚያው ልቁጠርልህ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ይለኛል። እስካሁን ያስረሳኝ ነገር ቢኖር ምሳ መብላትን ብቻ ነው። አንተንማ ጠዋት ስነሳ እጀምርሃለሁ፣ እስክተኛም አልጨርስህም።

የቤታችንን ነገር ልንገርህ። የጋምቤላው፣ የኒውላንድ ሰፈሩ ግቢ እንዳለ ነው። የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ፤ ፍሬው ትንሽና ቃጫው የበዛ ስለሆነ ብታየው መጀመሪያ ታሾፍበት ነበር፣ ከዚያ ሁሉንም ትበላው ነበር። ጣሪያው በወጥ ቤቱ በኩል ያፈሳል። ጀልባህን ወንድምህ ኦጁሉ ነው የሚነዳት። ሰማያዊ ቀለሟን አልቀየረውም፣ እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ መሰለኝ፤ ቀለሙ ግን ተላጦ እንጨቱ መታየት ጀምሯል። እኔም ያው ጤና ጣቢያ ነኝ፤ ነፍሰ ጡሮችን እመዝናለሁ፣ ሕፃናትን እከትባለሁ። አልጋው ላይ እስካለፈው ሳምንት የምተኛው በግድግዳው በኩል፣ ጠርዝ ላይ ነበር። ፍራሹ በእኔ በኩል ጎድጉዶ ባንተ በኩል እንደ አዲስ ቆሟል። አንድ ቀን ገልብጬው ነበር፤ ያንተ ቦታ ላይ የተጋደምኩ መስሎኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሲነጋ መልሼ እንደነበረው አደረግኩት።

እናቴ ከዝዋይ በየሳምንቱ እየደወለች ነይ ትለኝ ነበር። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ምን ያዘሽ ነበር የምትለው። እውነቷን ነው። አንድ እግሬ ጀልባ ላይ፣ አንድ እግሬ ዳር ላይ ሆኜ ነው የከረምኩት። እንደዚያ የቆመ ሰው መጨረሻው ውሃ ውስጥ እንደሆነ ደግሞ ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን ስለ ጣሪያው ላወራህ አይደለም። በፊኛው ወጣሁ ልልህ ነው። ያ የዝዋዩ ትልቅ ፊኛ፣ ሰው ይዞ ሰማይ የሚወጣው፣ አብረን እንወጣበታለን ያልነው። ብቻዬን ወጣሁበት።

የተዋወቅንበትን ቀን ታስታውሰዋለህ? ለክትባት ወደ ኢታንግ ልወርድ ሳጥኔን ታቅፌ ባሮ ዳር ስደርስ፣ አንተ ተሳፋሪውን በዓይንህ እየመዘንክ ታስቀምጥ ነበር። ሚዛን የለህ፤ ሰውን ከላይ እስከ ታች ታይና አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ ትላለህ። እኔን ከአንድ ወፍራም ነጋዴና ከአንድ ኩንታል ጨው ትይዩ ብቻዬን አስቀመጥከኝ። ያን ያህል እከብዳለሁ ወይ ብዬ ተቆጣሁ። በአማርኛህ ሴት የለ፣ ወንድ የለ፣ ትልቅ የለ፣ ትንሽ የለ፤ ሁሉም «አንተ» ነው። «ሳጥን ነው ከበደ፣ አንተ አልከበደም» አልከኝ። ኩርፊያዬ ኢታንግ ሳንደርስ አለቀ።

መንገድ ላይ ሰው ሲወርድ ደግሞ ቢጫ ጄሪካን አውጥተህ የባሮን ውሃ ትሞላና በወረደው ሰው ቦታ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ጀልባዋ እንዳታዘነብል ነው። ለምን ሌላውን ሰው ጠጋ አታደርገውም ብዬ ብጠይቅህ፣ «ሰው ወረደ፣ ቦታ አልወረደም» አልከኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። ብቻውን ለቀረ ተሳፋሪ ግን ሌላ ሕግ ነበረህ። ሌላው ሁሉ ወርዶ አንድ ሰው ከቀረ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ተነስቶ መሃል ይቀመጣል። «ብቻ ከሆንክ መሃል» ትለዋለህ፣ እስኪነሳም ሞተሩን አትጨምርም።

ከእናቴ ላስተዋውቅህ ዝዋይ የሄድን ጊዜ «አንተ እማማ» ስትላት መጀመሪያ የሳቀችው እሷው ነች። እስከ ዛሬም «አንተ እማማ» የሚለኝ ቀረ እያለች ስልክ ላይ ታለቅሳለች። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ግርማ የሚሠራበትን የወይን እርሻ ሊያሳየን ይዞን ወጣ። ከወይኑ መሃል ያ ቀይና ቢጫ ፊኛ፣ ሰው የያዘ ቅርጫት አንጠልጥሎ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኮረብታዎቹ ተነሳ። አንተ ቆመህ ቀረህ። ያ ጀልባ ነው አልክ። ግርማ ፊኛ ነው፣ አየሩ በእሳት ሲሞቅ ነው የሚነሳው ብሎ ሊያስረዳህ ቢሞክር አልሰማኸውም። መቅዘፊያ የለው፣ ሞተር የለው፣ ታዲያ ማን ነው የሚነዳው እያልክ አውቶቡሱ ጎሬ እስኪደርስ ስትከራከረኝ መጣህ።

ከዚያ ወዲህ ዝዋይ ማለት ላንተ ፊኛው ሆነ። ግርማ ለሁለታችን ቦታ ሲያስይዝልን ክብደታችሁን ላኩልኝ አለ፤ እዚያም ሰው ተመዝኖ ነው የሚሳፈረው። አንተም ይህን ስትሰማ አላልኳችሁም ብለህ ሰፈሩን አዳረስክ። ጤና ጣቢያ መጥተህ፣ ከነፍሰ ጡሮቹ ኋላ ተሰልፈህ፣ ተራህ ሲደርስ ከነጫማህ ሚዛኑ ላይ ወጣህ። ሰማንያ ኪሎ። ሴቶቹ ሳቁብህ፤ በአኙዋክኛ የሆነ ነገር ብትላቸው ጭራሽ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምን እንዳልካቸው ሳትነግረኝ ሄድክ።

ከዚያ ኩላሊትህ ታመመ። ስለ ሆስፒታሉ አልጽፍልህም፣ አንተም እዚያ ነበርክ። አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። መጨረሻ ላይ ከአልጋ ወደ ወንበር ብቻዬን ታቅፌ ነበር የማዛውርህ። እኔ፣ ተኝተህ አንድ እግርህን ከላዬ ማንሳት ያቅተኝ የነበረው። ሰው ስመዝን ነው የምውለው፣ አንተን ግን ሚዛን ላይ ማቆም አልደፈርኩም። ክንዴ ያውቀው ነበር።

በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ተዝካር የለም። ዘመዶችህ ዘምረው፣ ጸልየው፣ ጌታ ዘንድ ነው ብለው ሸኙህ፤ እኔም አሜን አልኩ። ግን እኔ ተዝካር እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ላንተ ያላወጣሁት ተዝካር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ከረመ። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ግርማ ደወለና የያዝነው ቦታ እስካሁን እንዳለ ነገረኝ። ስምህን አላሰረዘውም፤ አፌ እምቢ አለኝ ነው ያለው። ተዝካርህ ይህ ይሁን አልኩና ጥቁር ልብሴን ለብሼ ተነሳሁ። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት ከጎኔ ያለው ወንበር ሰው አለው ወይ ብላ ብትጠይቀኝ፣ አዎ አለው አልኳት። ሳላስበው ነው። ሴትየዋ ቆማ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ የሚመጣ ሲጠፋ አፍሬ ተቀመጪ አልኳት።

ከግርማ ጋር እርሻው የደረስነው ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ሳይነሳ ነው። ፊኛው መሬት ላይ ተዘርግቶ በትልቅ ማራገቢያ አየር ይሞሉታል። ቅርጫቱ መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንደኛው በኩል ከአዲስ አበባ የመጡ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ገቡ፤ ሌላኛው ለእኔና ላንተ የተያዘ ነው። አብራሪው፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማንያ ኪሎው የታል አለኝ። ክፋት የለበትም፣ ሥራው ነው። ግርማ ጠጋ ብሎ በጆሮው ነገረው። ሰውየው ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ሠራተኞቹን ጠራና አራት ጄሪካን ውሃ አስሞልቶ፣ ባንተ ቦታ ላይ አስቀምጦ በገመድ አሰራቸው። ቅርጫቱ እንዳያዘነብል ነው።

ቢጫ ነበሩ፣ ኦሞዴ። ሰውየው ባሮን አያውቅ፣ አንተን አያውቅ። የቅርጫቱን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ። የፈራሁ መስሎት አይዞሽ አለኝ።

ተነሳን። እሳቱ ሲለቀቅ ይጮሃል፣ አናቴም የመጋቢት የጋምቤላ ፀሐይ ያረፈበት ያህል ይግላል። እሳቱ ሲቆም ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። ነፋስ እንኳ ፊቴን አልነካኝም፤ ከነፋሱ ጋር እኩል ስለምንሄድ ነው አለ አብራሪው። ወደ ማታር ስንወርድ ሞተሩን አጥፍተህ ጀልባዋን ለውሃው የምትለቅበት ቦታ ነበር፣ «ዝም በል፣ ስማ» የምትለኝ። ልክ እንደዚያ ነው። መሪም የለውም፤ ሰውየው ከፍ ዝቅ እያለ የሚወስደውን ነፋስ ይፈልጋል፣ አንተ በባሮ ላይ ደህናውን የውሃ ፍሰት እንደምትፈልገው። ተከራክረህ ረትተሃል። ጀልባ ነው። ይህን ልነግርህ ፈገግ ብዬ ዘወር ስል ጄሪካኖቹን አየሁ።

ከታች ወይኑ በመስመር በመስመር ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ አዲስ የተሠራ ሹሩባ ይመስላል። ከኮረብታዎቹ ወዲያ ሐይቁ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። የፊኛው ጥላ በወይኑ ላይ እየተንሸራተተ አብሮን ይሄድ ነበር። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽህም። ቆንጆ በመሆኑ ነው የከፋኝ፤ አስቀያሚ ቢሆን አንተም አልቀረብህም እል ነበር። ከወዲያ በኩል ያለችው ሚስት የባሏን የኮት እጅጌ ጨብጣ ይዛለች፤ ቀናሁባት። እኔ የያዝኩት የጄሪካን እጀታ ነው። ውሃው ውስጡ ሲላወስ በእጄ ይሰማኝ ነበር። ናፈቅከኝ አልኩት። እጀታውን እስክንወርድ አልለቀቅኩትም።

ያረፍነው ከኮረብታው ጀርባ፣ የወይኑ መስመር በሚያልቅበት ሜዳ ላይ ነው። አብራሪው እሱ ሳይል ማንም እንዳይወርድ አስጠነቀቀን፤ አንድ ሰው ቀድሞ ከወረደ ቅርጫቱ ቀሎት መልሶ ይነሳል። ይህን ብትሰማ ጀልባ ነው አላልኩህም ብለህ ግርማን እንዴት አድርገህ እንደምታየው አውቃለሁ። ፊኛው አየሩን ለቅቆ ሲተኛ በመጀመሪያ ያወረዱት ጄሪካኖቹን ነው። ሠራተኞቹ የራሳቸውን ወሬ እያወሩ፣ ክዳኑን እየከፈቱ፣ ከወይኑ ሥር ያፈሱት ጀመር። ውሃ ነው፣ ምን ያድርጉት። የመጨረሻውን ተዉልኝ አልኳቸው። ተንበርክኬ እኔው አፈሰስኩት፣ ቀስ ብዬ፣ አፈሩ እስኪጠጣው እየጠበቅኩ። ባዶውን ሳነሳው ቀለለኝ፤ በመጨረሻው ሳምንት አንተ እንደቀለልከኝ። በቀብርህ ቀን ድንኳን ሳስተክል፣ ሰው ሳስተናግድ ያላለቀስኩትን ለቅሶ እዚያ ወይን ሥር አለቀስኩት። ግርማ ሊያነሳኝ ቢመጣ አብራሪው ተዋት አለው።

እናቴ እንግዲህ ቅሪ አለችኝ። ፈቃዴ እስኪያልቅ ቀረሁ። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ሰውም ሁሉ ትክክል አድርጎ ነው የሚያናግረኝ፤ አንቺ ይለኛል፣ እርስዎ ይለኛል፣ ሲስተር ይለኛል። አንድም ሰው «አንተ» አላለኝም። ለእናቴ ሥራዬ ናፈቀኝ ብዬ ዋሸኋት። የመለሰኝ ግን ያ ነው። ያንተን አማርኛ የሚናገር ሰው ያለው እዚህ ጋምቤላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከኢታንግ ስመለስ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች መንገድ ላይ ወረዱና በጀልባህ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ። እንደለመድኩት ጠርዝ ይዤ ተቀምጫለሁ። ጀልባዋ አዘነበለች። ኦጁሉ ሞተሩን ቀነሰ። ጄሪካኑን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ፣ አላነሳም። ዓይኑን ወንዙ ላይ እንደተከለ፣ ቁርጥ ባንተ ድምፅ፣ «አንተ፣ ብቻ ከሆንክ መሃል» አለኝ። እስካሁን ማንም ደፍሮ መሃል ግባ አላለኝም ነበር። ተነስቼ መሃል ተቀመጥኩ። ጀልባዋ ተስተካከለች፣ እሱም ሞተሩን ጨመረ።

የዚያን ዕለት ከግድግዳው ለቅቄ ፍራሹ መሃል ተኛሁ። ደህና እንቅልፍ ተኛሁ አልልህም። ግን እዚያው ነው ያነጋሁት። ለእናቴም ደውዬ እዚሁ እንደምኖር ነገርኳት፤ ብዙ አለቀሰች፣ በኋላ ጣሪያውን አሠሪው አለችኝ።

መሃል ገባሁ ማለት ቦታህን ወሰድኩ ማለት እንዳይመስልህ። ጠርዝ ላይ ሳለሁ ባዶው በአንድ በኩል ነበር፣ አሁን በሁለቱም በኩል ነው። ቀለሟን ራሴ ገዝቼ ጀልባህን በሰማያዊ አስቀባታለሁ። ማንጎውን፣ ቃጫው ጥርሴ ውስጥ እየገባ፣ እበላልሃለሁ። ባሮ ላይ ጄሪካን በተሞላ ቁጥር፣ ያ ወይን ባፈራ ቁጥር አስብሃለሁ። ሰው ወረደ እንጂ ቦታ አልወረደም።

ያለህበት አገር ብቻህን ከሆንክ አንተም መሃል ቁጭ በል። እኔ ስመጣ ጠጋ ትልልኛለህ።

ያንተው ዓለምነሽ