የወረቀት ሙስበሃ

ውድ አካኮ ወዚር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጎባ እንዴት ይዞዎታል? ብርዱስ? ልጅዎ አዳዳ ሰቢሪና ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባልዎት፣ እርስዎ ደግሞ ከውስጥ እየተንቀጠቀጡ «እኔ ብርድ አላውቅም» እንደሚሏት አልጠራጠርም።

ይህ የይቅርታ ደብዳቤ ነው። ቢያንስ አባቴ እንደዚያ ይመስለዋል። ትናንት ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ አስቀመጠና «ጻፊ» አለኝ። «አያትሽን ከገዛ ቤቱ ያስወጣሽው አንቺ ነሽ፤ የምትመልሽውም አንቺ ነሽ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አጥፍቻለሁ፣ አይለመደኝም፣ የዲማን እጅ መልሼ አስራለሁ በይ። ደግሞ ያንን ማሰሪያ ጨርቅ ከደበቅሽበት አምጪው!»

ይህን ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ። ብቻዬን ከወረቀት ጋር ትቶኝ መሄዱ የእሱ ጥፋት ነው፤ ፍርድ ሲሰጡ ይህን ያስቡለት።

በአማርኛ የምጽፍልዎት የኦሮምኛውን ቁቤ «ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት» እያሉ ስለማያነቡት ነው። በመሠረተ ትምህርት የተማሩትን ፊደል ግን በጣትዎ እየተከተሉ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። እንግዲህ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ። አዳዳ ሰቢሪናም ትስማ።

መጀመሪያ ይቅርታ የምጠይቅበትን ልጨርስ። ግድግዳው ላይ ከነበረው ካላንደር ያለፉትን ወራት የቀደድኩት እኔ ነኝ። ታኅሣሥም ሳይደርስ አብሮ ሄዷል። እርስዎ ኅዳር ላይ ቆመው «ጥር ገባ እኮ! ዘመኑ እንዴት ይሮጣል!» ብለው ሲገረሙ «እውነትዎን ነው» ያልኩትም እኔው ነኝ። የሬዲዮዎ አንቴናም ያጠረው በዝገት አይደለም። ጫፉ ዲማ ከሰርዲን ቆርቆሮ በሠራው ኮምባይነር ላይ እህል ማውረጃ ሆኗል። ዜናው ትንሽ ቢያንኮሻኩሽም ስንዴው ጥሩ ይወርዳል። ለእነዚህ ለሁሉም ይቅርታ፣ አካኮ። ከልቤ ነው።

ለእጁ ግን አልጠይቅም።

ነገሩ የጀመረው በጆሮ ነው፤ ያስታውሳሉ። መስከረም ላይ ዲማን ለማስመዝገብ ትምህርት ቤት ይዘውት ሲሄዱ እኔም ከኋላ ተከትዬ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አንደኛ ክፍል ሲገባ ማየት ፈልጌ ነው። መዝጋቢው መምህር እንደ ደንቡ «ቀኝ እጅህን በራስህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ» አለው። ዲማ ግራ እጁን ወርውሮ ቀኝ ጆሮውን ለቀም አደረገ። እጁ ደርሷል! ጆሮውም ተነክቷል! ልጁ ምን ቀረው? መምህሩ ግን ሳቀ። የተሰለፉት ወላጆች ሳቁ። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ቀኙን ሲለይ አምጡልኝ» ተብለን ተመለስን።

እርስዎ ስንት ደመኛ ያስታረቁ ሰው፣ በአንድ ፍሬ ልጅ ጆሮ የተነሣ ተሳቀብኝ ብለው እኛን ከኋላ ጥለው በከዘራዎ መንገዱን እየወጉ ቤት ገቡ። እንደደረስን የጥምጣምዎን ጫፍ በጥርስዎ ይዘው ቀደዱና ግራ እጁን ከወገቡ ጋር አሰሩት። «ሚርጋ! በቀኝ! ቀኝ ሰው ይሆናል!» ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ከሱብሒ ሰላት ሲመለሱ ያስሩታል፣ ሲመሽ ይፈቱታል።

ዲማ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻል ነበር። ግድግዳ ጥግ ተቀምጦ የሌሎቹን ኳስ በዓይኑ መከተል ጀመረ። የሰፈር ልጆች «ግማሹ» የሚል ስም አወጡለት። ከዚያ ደግሞ አፉ መያዝ ጀመረ፤ «አ-አ-አካኮ» እያለ፣ ስምዎን ለመጥራት ሽቅብ እንደሚወጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። እርስዎ ጭንቅላቱን እየዳበሱ «አያችሁ? ጨዋ ሆነ» አሉ።

አካኮ፣ ጨዋ አልሆነም። ጠፋ።

ስለዚህ ፈታሁት። እርስዎ ለሽምግልና ሲወጡ እፈታዋለሁ፣ የከዘራዎ ድምፅ በር ላይ ሲሰማ መልሼ አስረዋለሁ። ቋጠሮዎን ለማስመሰል ብዙ ተለማምጃለሁ፤ አንድም ቀን አልነቁብኝም። ማገዶ ቤቱ ውስጥ ነበርን። በመጀመሪያው ቀን ዲማ እጁን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጦ ሲያየው ቆየ። ከዚያ የሰርዲኑን ቆርቆሮ አነሣ። ለጎማ ቆርኪዎችን በሚስማር በሳ፣ ሽቦ አሳለፈባቸው፣ ማጨጃውን ከክብሪት እንጨት አበጀ። እኔ ሳግዘው አበላሸሁበት፤ እሱ ብቻውን ሲሠራ ግን ያጭዳል። የጎረቤት ልጆች በቀዳዳ አጮልቀው ካዩ በኋላ «ግማሹ» የሚለው ስም የት እንደገባ እንጃ። አሁን እንደ ኮምባይነር ነጂዎቹ «ኦፕሬተሩ» ነው የሚሉት።

ቀጥሎ የመጣው የወረቀት ዶቃ ነው። እርስዎም ጎባ ላይ ሥራ ስለፈቱ ይሞክሩት፣ ቀላል ነው። የካላንደር ወረቀት፣ ያውም የሚያብለጨልጨውን፣ ከአንድ ጫፍ ሰፋ ከሌላው ሹል አድርገው ረዘም ባለ ቁራጭ ይቁረጡ። ሰፊውን ጫፍ በመጥረጊያ ስንጥር ላይ አድርገው እያጠበቁ ይጠቅልሉ። ሹሉ ጫፍ ላይ ሲደርሱ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ይቀቡት። ስንጥሩን ይምዘዙትና ፀሐይ ላይ ያስጡት። መሐሉ ወፈር፣ ዳርና ዳሩ ቀጠን ያለ ዶቃ ይወጣል። መጀመሪያ የሚሠሩት የዳቦ ቆሎ ይመስላል፤ እንዳይናደዱ፤ የእኔም እንደዚያው ነበር። የዲማ ግን አይመስልም።

እናቴ ሙጫውን ስናማስል ደረሰችብን። «ዱቄቱ ለሰው ነው ወይስ ለካላንደር?» አለች።

«ለልጅሽ እጅ ነው» አልኳት።

የተፈታውን እጁን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄደች። በማግስቱ ማገዶ ቤቱ በር ላይ አንድ ኩባያ ዱቄት ተቀምጦ አገኘን። (ይህችን አንቀጽ እንኳ በለሆሳስ ያንብቧት። አዳዳ ሰቢሪና ለአባቴ ካልነገረች አታድርም።)

ዶቃዎቹ ሲበዙ «ምን እናድርጋቸው?» አልኩት። እኔ ለእናቴ የአንገት ጌጥ አስቤ ነበር። ዲማ ግን «ለአ-አካኮ ሙስበሃ» አለ፤ ለዚክር የሚቆጠርበትን ዶቃ። የሚያስረውን ሰው ነው ያስቀደመው፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ። በማዳበሪያ ክር ሰካነው። «በቀኝህ ስጠው እሺ? በቀኝ!» አልኩት። ደጋግመን ተለማመድን። እኔ እርስዎን ሆኜ፣ የከሰል ጢም አውጥቼ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ እቀመጣለሁ፤ እሱ በቀኙ ይሰጠኛል። ደህና አድርጎ ችሎት ነበር።

ያን ቀን ግቢያችን በሽማግሌ ተሞልቷል። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው መሐላቸው እርስዎ ተቀምጠዋል። ዲማ ከማገዶ ቤቱ ተተኩሶ ወጣ። ልይዘው ስል አመለጠኝ። በከዘራዎች መሐል ተሹለክልኮ ፊትዎ ቆመና ሙስበሃውን ዘረጋ፤ በግራው። ሰው ደስ ሲለው እጅ አይመርጥም፣ አካኮ።

«አካኮ፣ ያንተ ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት!»

ሰሙት? አልተንተባተበም። አንድም ፊደል አልያዘውም። ያ ሁሉ ሽማግሌ ጆሮ ይዞ ተቀምጦ፣ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሁሉ እጁን ነበር የሚያየው።

ከሽማግሌዎቹ መሐል ኦቦ ባዳሳ ያችን የታወቀች ሳቃቸውን ለቀቋት። «ወዚር! የልጅ ልጅህ በግራ እጁ ዚክር ሊያስይዝህ ነው እንዴ?»

እርስዎም በከዘራዎ ገፉት። ክሩ ተበጠሰ። ዶቃዎቹ ጭቃው ውስጥ ተበተኑ፤ ግማሾቹን ሰው ረገጣቸው።

«ማነው የፈታው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«በማን ፈቃድ?»

«በእጁ ባለቤት።»

እዚህ ላይ ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ አልክድም። እርስዎ ተነሡና «እኔ በማልከበርበት ቤት ውሃ አልጠጣም!» ብለው ጋቢዎን ትከሻዎ ላይ ጣሉ። ሁለቱ የድንበር ተጣዪዎች አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው እየለመኑ እስከ መኪና መናኸሪያ ተከተሉዎት። ሲመለሱ ታርቀው ነበር። አንድ ላይ ሲለምኑ ጸባቸውን ረሱት። ስለዚህ የዚያ ቀን ሽምግልናዎም አልከሸፈም፤ ደስ ይበልዎት።

ዲማ ምን እንዳደረገ ግን አላዩም። ቁጭ ብሎ ከጭቃው ውስጥ ዶቃዎቹን ለቀመ። በግራው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሏል። አባቴ በሞባይል ደወለልዎት፤ እርስዎ «በሽቦ ይቅርታ የለም» ብለው መለሱት። ሽቦ እንደሌለው የነገረዎት የለም። ሽማግሌ ላከ፤ «እጁ ካልታሰረ፣ ልጅቷም በጽሑፍ ካልጠየቀችኝ አልመጣም» አሉ። ዲማም ይህን ሰምቷል። ትናንት ማታ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት? እጁን ከኋላው ደብቆ «ብ-ብታሰር አካኮ ይመጣል?» አለኝ። እርስዎ ካልመጡ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል። ከመጡ ደግሞ እጁ ይታሰራል። ልጁን በሁለት በኩል ያሰሩት እርስዎ ነዎት፤ ይህን እኔ መፍታት አልችልም። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ሼህ ከሊልንም ጠይቄያለሁ። «መብላቱንና መስጠቱን በቀኝ አስለምዱት» አሉኝ። «ሥራውን ግን አላህ በሰጠው እጅ ይሥራ። ልጅ እሰሩ የሚል እኔ አላነበብኩም።» እርስዎ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ «ከሊልን ንፍጡ ሲወርድ አውቀዋለሁ» ነው። ይሁን። ንፍጣቸው ግን ከቆመ ቆይቷል። ዲማም የሚበላው በቀኙ ነው፤ ከእሑድ ጀምሮ ያለ ገመድ፣ በምክር ብቻ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማስፈራሪያ አይደለም። ባለፈው ክረምት ያ ዝናብ ቤት ሲያጉረን፣ ዲማ የመጀመሪያውን ኮምባይነር ሲሠራ ጎማው አልዞር አለው። እርስዎ ሳቅዎን ዋጥ አድርገው ሲያዩ ቆዩና «ወዲህ አምጣው! ይሄ ጎማ ነው ወይስ ቂጣ?» አሉ። አሮጌ ሰንደል ጫማዎን አስመጡ፣ ቢላዋ አወጡ፤ ሶሉን የያዝኩልዎት እኔ ነበርኩ። ጨረቃ የመሰለ ክብ ቆርጠው ሰጡት።

ቢላዋው በየትኛው እጅዎ ነበር፣ አካኮ?

እኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህም ሰው የለም ብለው ጥምጣምዎን ሲጠመጥሙ፣ የፈረሱን ልጓም ድንገት ሲይዙ አያለሁ። ሪራ መንደርዎ ሳሉ፣ በልጅነትዎ፣ አባትዎ በምን እንዳሰሩዎት አላውቅም። ያ እጅ ግን ያን ሁሉ ዘመን ታስሮ እንኳ ሙያውን አልረሳም። ለማንም አልተናገርኩም። (አሁን ጮክ ብለው እያነበቡ ከሆነ ግን የተናገሩት እርስዎ ነዎት።)

ይህን ደብዳቤና አብራው ያለችውን ትንሽ ጥቅል የሚያደርስልዎት ሚኒባሱን የሚነዳው መሀመድአወል ነው። ጥቅሉን ይፍቱት። ሙስበሃ ነው፣ አዲስ። ከጭቃ የተረፉት ዶቃዎች ታጥበው ገብተዋል፤ የደበዘዙት እነሱ ናቸው። ሌሎቹን ዲማ እንደገና ጠቀለላቸው። ታኅሣሥም ያለቀው በዚህ ነው።

ክሩንም ልብ ብለው ይዩት። የማዳበሪያ ክር አይደለም። ነጭ ጥጥ ነው፤ ያውቁታል። አባቴ ከትናንት ጀምሮ ትራስ እየገለበጠ የሚፈልገው ጨርቅ እሱ ነው፣ የጥምጣምዎ ጫፍ። ዲማ ፈትሉን አንድ በአንድ መዘዘው፣ እኔ አከረርኩት፣ እሱ ሰካው። የዲማን እጅ መልሰው ማሰር ከፈለጉ መጀመሪያ ሙስበሃውን መበጠስ አለብዎት። ቢበጥሱትም እንሠራለን። ካላንደሩ ገና እስከ ጳጉሜን አለው።

ወደ ቤትዎ ይምጡ። ያለ እርስዎ የሚሳቅበት ሰው አጥቻለሁ። ዲማ በር ላይ ይጠብቅዎታል፣ ሁለት እጁን ይዞ።

እጅዎን እስማለሁ፤ ሁለቱንም።

የልጅ ልጅዎ፣
ዙሀይራ ሻፊ ወዚር
ሮቤ

ጥቅሉን በየትኛው እጅዎ እንደሚቀበሉት በደንብ አይቶ እንዲነግረኝ ለመሀመድአወል አደራ ብዬዋለሁ።