አሮጌውና አዲሱ ባትሪ

ማክሰኞ፣ ደመና የዋለበት ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ስል እናትሽ ከአልጋዋ ሆና «መምህር፣ ውሸት በጽሑፍ ሲሆን ይከብዳል» አለችኝ። እንግዲያው ግማሻችን ደህና ነን።

የላክሽው ባትሪ ደርሶናል። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ የእናትሽ የኦክስጅን ማሽን አሁን የሚሠራው በሶላሩ ብቻ ነው። እኔም አሮጌውን ባትሪ መጣል አሳሳኝና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ አሰርኳቸው፤ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ። ሽቦው እንደ ደብተር መስመር ቀጥ ያለ ነበር። ትናንትም ደመና ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ ጮኸና ቆመ። መጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር እስክከፍትላት ከንፈሯ ጠቆረ።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን መጥቶ ሥራዬን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ አስተሳሰሩ መቶ ከመቶ ነው። የታሰሩት ናቸው የማይስማሙት። አሮጌ ባትሪ አይሞላም፣ መጠጣት ግን አያቆምም። አዲሱን ይበላዋል።»

«ፊውዝ ባስገባበትስ?»

«ፊውዝ እሳት ይከለክላል እንጂ እርጅና አይከለክልም።»

መጀመሪያ የሶላር ፓኔሉን ገመድ ነቀለ፣ ከዚያ ባትሪዎቹን ለያያቸው። በአዲሱ ላይ፣ ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ አስገባ። ሲመልስ ደግሞ ባትሪውን አስቀደመ፤ ፓኔሉን አስከተለ። አሁን ሁሉም በደንቡ ነው፤ ፀሐይ ግን የለችም። የተማሪ ስህተት አርሜ አውቃለሁ፤ ደመና በምን ይታረማል? ሲሊንደሩም እያለቀ ነው። ላስሞላ ብሄድ መሙያ ቤቱም መብራት የለውም አሉኝ። ከባትሪው ፊት ተቀምጬ የቻርጁ ቁጥር ሲወርድ አያለሁ።

እናትሽ «ነይ በላት» ትለኛለች። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር አዲሱ ሥራሽና ገና ጡት ያልተወው ሕፃን ይታዩኛል። አሁን ደግሞ «ጻፍክላት?» አለችኝ።

«ጽፌያለሁ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «ልጄ ሆይ፣ ነይ» የሚል የሌለ መስመር አነበብኩላት። ደስ አላት፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተኛች።

አሮጌው ባትሪ በረንዳው ጥግ ተቀምጧል። አቧራውን እጠርግለታለሁ እንጂ ከምንም ጋር አላሰርኩትም።

ጎጆሽ ይሙቅ፣ ልጅሽ ይደግልሽ፣ ብርሃን አይጉደልብሽ።

አባትሽ