ስምንተኛው ሸምቀቆ

ጃንዋሪ 28
ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ስበትን ዋልኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛዋን እርጉዝ በግ ጉሮሮዋን ተነክሳ አገኘኋት። ኮዮቴ ነው፣ ያ ተኩላ መሳይ ሌባ... ሌላ ማን ይሆናል? ቤርኒስ፣ "ሁሉም እስኪያልቁ ነው የምትጠብቀው?" አለችኝ። ሚስት ስትቆጣ ዝም ነው። ነገ ኤሚል ጋ እሄዳለሁ።

ጃንዋሪ 29
ኤሚል ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አውሬ ያጠመደ ሰው። እኔ ሃምሳ ስምንት ሞልቶኛል፣ እሱ ግን ዛሬም "አንተ ልጅ" ነው የሚለኝ። ስምንት የሽቦ ሸምቀቆ ሰጠኝ። ሽቦው ላይ ትንሽ የብረት ማቆሚያ አለችው፤ አጋዘን እግሯን ብታስገባ እስከ መጨረሻው አይጠብቅባትም፣ መዝዛ ትወጣለች። ጫፉ ላይ ደግሞ ስስ መንጠቆ አለ፤ አጋዘን ወይ ጥጃ በኃይል ሲጎትተው ተከፍቶ ይለቃል። የኮዮቴ ጉልበት አይከፍተውም።
"ውሻስ?" አልኩት።
"ለውሻ መድኃኒቱ አፍህ ነው። የት የት እንዳጠመድክ ለጎረቤት ትናገራለህ። አለቀ። ቁመቱን ደግሞ የኮዮቴው እግር ከሚረግጠው መሬት አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ሰማህ አንተ ልጅ?"
ሰማሁ።

ፌብሩዋሪ 1
በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ከአጥሩ ሥር የሚሾልኩበትን ቀዳዳ እየፈለግኩ፣ የአጥሩ ሽቦ እሾህ ላይ የቀረውን ፀጉር እያየሁ ሰባት አጠመድኩ። በስንዝር ለክቼ።
ከዚያ ለመናገር ሚስስ ክራውስ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ጎናችን ያለውን መሬት ከገዛች ሁለት ዓመቷ። ብስኩት የሚባል ጥጃ የሚያክል ነጭ ውሻ አላት፣ የበግ ጠባቂ። ጠዋት ጠዋት በማሰሪያ እየመራች ታንሸራሽረዋለች። የበግ ጠባቂ በማሰሪያ! አገሩ ሁሉ ይስቅባታል፣ እኔም ጭምር።
"ሚስስ ክራውስ፣ ጫማም ይግዙለት እንጂ" አልኳት።
"ሳቅ አንተ። ሲታሰር የማይበረግግ ውሻ ለእኔ ወርቅ ነው።"
ሰባቱን ቦታ በወረቀት ሳልኩላት። ፍሪጇ ላይ ለጠፈችው።
"ሰባት ብቻ?"
"ሰባት ብቻ።"
እውነቴን ነው፤ ስምንተኛው ገና ፒካፑ ውስጥ ነው።

ፌብሩዋሪ 4
አንድ ኮዮቴ ተይዟል። ሞቶ ነው ያገኘሁት። ዙሪያውን በረዶውን አርሶት፣ አፈሩ ወጥቷል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም... ለምን እንደሆነ እንጃ።
ወንዙ ዳር፣ ከሚስስ ክራውስ ጋር በምንጋራው አጥር ሥር አዲስ ዱካ አየሁ። ስምንተኛውን እዚያ አጠመድኩ። ነገ እነግራታለሁ።

ፌብሩዋሪ 5
አልሄድኩም። አንዷ በግ አነከሰች፣ ሰኮናዋን ሳክም ዋልኩ። ነገ።

ፌብሩዋሪ 8
እስካሁን አልነገርኳት። አሁን ምን ብዬ ልጀምር? "ረሳሁ" ልበል? አልረሳሁማ። ያልጠየቁትን አለመናገር ውሸት ነው? ግን ጠይቃኛለች እኮ... ሰባት ብቻ ወይ ብላ። ግራ ገባኝ።

ፌብሩዋሪ 9
ቺኑክ፣ በረዶ አቅላጩ የክረምት ሞቃት ነፋስ፣ ነፈሰ። ትናንት ምራቅ የሚያረጋ ብርድ፣ ዛሬ በሸሚዝ። ቦዩ ሁሉ ውሃ ሆነ።

ፌብሩዋሪ 10
የሦስተኛው ሸምቀቆ መንጠቆ ተከፍቷል። የአጋዘን ፀጉር አለበት። ተመስገን፣ ለቋታል። ግን አጋዘን እዚያ ውስጥ ምን አገባት? እኔ እንደሁ በስንዝር ለክቻለሁ። ማንም አልነካውም። ታዲያ? ኤሚል ስልክ አያነሳም።

ፌብሩዋሪ 11
ጠዋት ሚስስ ክራውስ ደወለች።
"ብስኩት ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የለም። ወረቀቱን ይዤ ሰባቱንም ዞሬ አየሁ። የለም። ሎዌል፣ እስቲ ሌላ ቦታ ገምትልኝ።"
"እፈልገዋለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ቤርኒስ ፊቴን አይታ "ምን ሆንክ?" አለች። "ምንም።"
ወደ ወንዙ ስነዳ ያሰብኩትን ልጻፈው፤ የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝ። ሞቶ ከሆነ ቀብሬው ዝም ልበል? ብዬ አስቤያለሁ። አዎ፣ አስቤያለሁ።
ተቀምጧል። ብስኩት ነው፤ ስምንተኛው ሽቦ ከቆዳ አንገትጌው በላይ ይዞት፣ ሱቅ በር ላይ ታስሮ ባለቤቱን እንደሚጠብቅ ውሻ ተቀምጧል። ዙሪያው ያለው ሣር እንኳ አልተረገጠም። ሲያየኝ ጅራቱን ቆላ።
ሽቦውን ከአንገቱ አወለቅኩ፣ እንደነበረው መልሼ ቁመቱን ከመሬት ለካሁት። ሁለት ስንዝር ተኩል! በረዶው ሄዷል፣ ሽቦው ግን ባለበት ቀርቷል። ኤሚል ያለኝ እግሩ ከሚረግጠው መሬት ነው። እኔ የለካሁት ያኔ ከነበረው በረዶ። አጋዘኗም ለካ በዚሁ ነው...
ፒካፑ ውስጥ ብስኩት አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ንግግር አዘጋጀሁ፣ አንዱ እውነት፣ አንዱ ውሸት። "መንገድ ላይ አገኘሁት" ቢባል ማን ያውቃል? ውሻው አይናገር።
ሚስስ ክራውስ ደጃፏ ላይ ተንበርክካ አቀፈችው። አለቀሰች። ያኔ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፤
"ስምንተኛ ነበር፣ ሚስስ ክራውስ። እኔ ነኝ።"
ተነስታ ገባች፤ ወረቀቱንና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።
"የት እንደሆነ ምልክት አድርግ።"
አደረግኩ።
"ያጠመድክበትን ቀንም ጻፍ።"
ፌብሩዋሪ 4 ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው፣ አንዴ አየችኝ፣ በሩን ዘጋች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 13
ስምንቱንም ነቅዬ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ሰቀልኳቸው። ለቤርኒስ ሁሉን ነገርኳት። "በጎቹስ?" አለች። እንጃ። በጎቹን በየማታው ወደ በረት አስገባለሁ፤ ወገቤ እስከቻለ።

ፌብሩዋሪ 20
የራሴን ውሻ፣ ቲፕን፣ ከምሰሶ ማሰር ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ታስሮ አያውቅም። መጀመሪያ ቀን ራሱን እያላተመ፣ እየጮኸ፣ ትንፋሹ እስኪያጥር ታገለ። ልክ እንደዚያ ኮዮቴ። ስፈታው እጄ ላይ ደም ነበር።
ዛሬ ሚስስ ክራውስ ብስኩትን እየመራች በበሩ አለፈች። ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።
"አትጎትተው። አጠገቡ ዝም ብለህ ቁም።"
"እሺ።"
"ሸምቀቆዎቹስ?"
"ቲፕ ሲታሰር እንደ ብስኩት መቀመጥ እስኪለምድ ምስማር ላይ ናቸው። መልሼ ሳጠምድ እርስዎ አብረውኝ ይዞራሉ... ፈቃድዎ ከሆነ።"
የብስኩትን ማሰሪያ እጇ ላይ ጠቀለለች እንጂ አልሄደችም። ቤርኒስ ከመስኮት ሆና "ጫማም ግዛለት እንጂ!" ብላ ጮኸች። ሚስስ ክራውስ ፊቷን አዞረች፤ ስቃ ይሁን አይሁን አላየሁም።
ቲፕ ዛሬ እስከ ሃያ ስቆጥር ድረስ ተቀመጠ። ሃያ ረጅም ነው ለካ። ብስኩት ከዚያ ቀን ከሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው ተቀምጦ የጠበቀው።