በየማታው ቤቱ የሚገባው ባል

ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለቃለሕይወት፣

«ባሏ እኮ በየማታው ቤቱ ይገባል» ስትል ስለ እኔ ከውሰርን ነሐሴ ላይ ሱቋ በር ሰማኋት። ባለሱቅ የማታውቀው የሰፈር ነገር ስለሌለ አምኜ ቤት ገባሁ። አልጋው እንዳነጠፍኩት ነው፤ ራቱም አልተነካም። ለካ ወሬው የወጣው ከወንድሟ ከቡርሃን ነው። ካምፓላ ሆነህ የቤታችን ኮምፒዩተር ውስጥ እንድትገባ ያስተካከለልን እሱ አይደል?

ያዘዝከው ሁሉ ተደርጓል። በይለፍ ቃል መግባት ተዘግቷል፤ የሚገባው ያንተን ቁልፍ የያዘ ብቻ ነው። መጀመሪያ የላክህልኝን የቁልፍ ፋይል ቡርሃን አይቶ ሳቀ። ቁልፉ ጥንድ ነው አለኝ፤ አንዱ ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ምስጢር ስለሆነ ለሚስትም አይሰጥም። አንተ የላክኸው ምስጢሩን ነበር። በስምንት ዓመት ትዳራችን ሳትደብቅ የሰጠኸኝ እሱን ብቻ ስለሆነ ላስቀምጠው ፈልጌ ነበር። አይሆንም ብሎ ሌላ እንድትሠራ አስደወለኝ።

በዚያው ስልክ ነው ስለ ጊፋታ የጠየቅኩህ። ሳታማክረኝ ለትምህርት ከሄድክ ወዲህ ተኳርፈናል፤ ኩርፊያ ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ደግሞ በወላይታ ነውር መሆኑን ላንተ አላስተምርም። ጋሽ ሐብተማርያም ሊያስታርቁን ሽማግሌ ሰብስበው ቀን ቆርጠው ነበር።

«አሁን እኮ ከዚሁ ሆኜ መግባት እችላለሁ፤ ምን ያመላልሰኛል?» አልከኝ።

ሽማግሌዎቹ በቀኑ መጡ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ጋሽ ሐብተማርያም ኮምፒዩተሩን ትክ ብለው አዩትና፣

«ሲገባ ሰላም ይላል?» አሉኝ።

«አይልም። ፋይሉን ይዞ ይወጣል።»

ጸልየውልን፣ የጊፋታውን ሥጋ ሳይቀምሱ ተነሱ። እንደ እንግዳ ሸኘኋቸው እንጂ ምን እላለሁ።

ቡርሃን እንደነገረኝ እስከ ትናንት ማታ ድረስ አንድም ቀን ሳትገባ አላደርክም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑን የሚያበራልህ እሱ ነው፤ የቤቱን ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ። የእንሰት ጥናትህን እግዚአብሔር ያስፈጽምህ። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ የሚያመሽ ዓይንህንም ይጠብቅልህ።

ባለቤትህ
ጥሩነሽ

እኔ ከጊፋታ ማግስት ጀምሮ የምኖረው አረካ፣ እህቴ ቤት ነው።