በፍልሰታ የጋገርኩት ካልዞኔ

ነሐሴ ፮ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ መተማ

ዛሬ ጣሊያኑን ሻምበል ካልዞኔ የሚሉት ምግብ አማረው። ሊጡን ዳምጬ፣ የተቀቀለ ዶሮና አይብ ጠቅልዬበት ጋገርኩ። ሳቀርብለት ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ ይሉሻል» አለኝ አስተርጓሚው።

«ፍልሰታ ነው፤ ጾመኛ ነኝ በላቸው።»

«እህት ዓለም፣ ወንድምሽ ሸፍቶ አርማጭሆ መግባቱን ሰምተዋል። እምቢ ካልሽ መርዝ አድርጋበታለች ነው የሚሉት።»

አማትቤ ጎረስኩ። ሻምበሉ እስክውጥ አፍ አፌን ሲያየኝ ቆየና ስቆ መብላት ጀመረ።

ሄጄ ለነፍስ አባቴ እንዳልናዘዝ፣ ለወጥ ቤት ካመጡኝ ወዲህ ከግቢው መውጣት ተከልክያለሁ። ጾሜን ያስገደፉኝ በግድ መሆኑን እግዜርም ያውቃል። ግን ሳህኑን ሳጥብ፣ ምላሴ በጥርሴ መሃል የቀረውን አይብ ሲፈልግ አገኘሁት።