ዛቡ ተቋጥሮ ነበር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ
ጋጣው በር ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ

ለምሳሳልህ አንድዬ ልጄ፤

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይማረራል። አባትህም ደህና ነው፣ ዝምታውን ታውቀዋለህ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተ ብዬ ሳለቅስልህ ኖሬ ዛሬ ብድግ ብዬ «እንዴት ነህ» ስልህ፣ «ይቺ ሴትዮ ጨርሳ አበደች እንዴ?» እንዳትለኝ። አላበድኩም። ትናንት የሰማሁትን የሰማች እናት ሁሉ ብዕር ታነሳለች። ደብዳቤውን የት እንደምልከው ገና አላወቅሁም፤ ብቻ መጻፍ አለብኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ስዘላብድ ታውቀኛለህ።

ማዘጋጃ ቤቱ የኪራይ ፈረሶች ደንብ አወጣ። ወሬውን ያመጣልን ያው ጎረቤታችን ፉጨት ነው። እሱም እንደኛ ፈረሶቹን እያከራየ አለ፤ ጥርሱ አልቆ እንኳ ማፏጨቱን አልተወም። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ፈረስ በሐኪም ይታያል፤ ጥርሱ፣ ሰኮናው፣ ጀርባው፣ ዓይኑ። ምርመራውን ያለፈ ፈረስ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ልጓሙ ላይ ይንጠለጠልለታል። በቀትር ፀሐይ ማከራየት ክልክል ነው፤ ጥላና ንጹህ ውሃ ግዴታ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለው። «እኔንስ ማን ዕረፍት ሰጠኝ? ልሂድና ሰኮናዬን ላሳይ እንዴ?» አልኩት። ፉጨት ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እትዬ፣ አንድ ክፉ አንቀጽ ደግሞ አለ» አለኝ። ሰው የገደለ ፈረስ ፈቃድ አያገኝም። ፈቃድ የሌለው ፈረስ ደግሞ በማከራያ ጋጣ ውስጥ አይቆይም፤ በመርፌ ይወገዳል። ሁለታችንም ዞረን ወደ ጋጣው መጨረሻ አየን። ፈረስህ ቦራ ራሱን አውጥቶ፣ ያን ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት ይዞ፣ እያየን ነበር።

አልዋሽህም ልጄ፣ ደስ አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስድስት ዓመት የለመንኩትን ማዘጋጃ ቤቱ ሊያደርግልኝ ነው አልኩ።

ያን የዛሬ ስድስት ዓመቱን ቀን ትዝ ይልሃል? ጠዋት ልብስ አጥቤ አብረን አሰጣነው። አንሶላውን አንተ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን ስንጨምቅ ፊትህን አየሁት። ሰሞኑን ልክ አልነበርክም፤ ምግብ ትገፋለህ፣ ሲጠሩህ ቆይተህ ነው የምትሰማው። «ምን ሆነሃል?» ስልህ «ምንም፣ እማ» አልከኝ። ግንባሬን ሳምከኝ፤ ዓመት በዓል ካልሆነ ስመኸኝ አታውቅም፤ ከዚያ ቦራን ጭነህ ወጣህ። ፀሐዩ ደግሞ እንዴት ያለ ነበር! ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ክው ብሎ የደረቀውን ልብስ ሳነሳ፣ ቦራ ብቻውን በበሩ ገባ። አባትህ ቀድሞኝ ሮጦ ያዘው፤ ጋጣ አስገብቶ ኮርቻውን አወረደ፤ ተመልሶ መጣና «ጥሎታል» አለኝ። እስከ ትናንት የኖርኩት በዚያች አንድ ቃል ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የታየኸው መታጠፊያው ጋ ነበርና ዋናተኞች ወንዙን እስከ ድልድዩ ድረስ ፈለጉህ፣ ምንም አላገኙም። ፖሊሶቹም ፈረስ ጥሎት፣ ገደል ገብቶ፣ ውሃ ወስዶት ብለው ጽፈው ዘጉት።

አባትህን «ሽጠው» አልኩት፤ እምቢ። «ግደለው» አልኩት። «ጥፋቱ የሱ አይደለም» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። ለማንም ሳያከራየው ዝም ብሎ ያበላዋል፣ ይቦርሸዋል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ፤ ያንተ ፈረስ ልጄን የት አደረሰው?» እያልኩ እነዘንዘው ነበር። እኔ አንድ ቀን አንገቱን አልነካሁም። የባሰብኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቦራ ግራ ጎኑን ወደ በሩ አዙሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰው ሊወጣበት ሲል እንደሚቆመው። ማንም የለም እኮ። አንተ ኮርቻ ላይ እስክትወጣ የሚጠብቅህን ያህል ቆይቶ፣ ይተነፍስና ይመለሳል። በየቀኑ ነው። እኔ የኩሽናውን መጋረጃ እዘጋለሁ።

ትናንት መርማሪዎቹ መጡ። ሐኪሟ አንተን የምታክል ልጅ ናት፤ ቦት ጫማዋን አድርጋ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። አብሯት ፋይል ያቀፈ፣ ፊቱ የኮመጠጠ የማዘጋጃ ቤት ሰው አለ። የኛዎቹ ሌሎች ፈረሶች አለፉ፤ አሮጊቷ ባዝራ ብቻ ጀርባዋ ስለተላጠ እስኪሽር ኮርቻ እንዳይጫንባት ተባለ። ቦራ መጨረሻ ደረሰው። ሐኪሟ አፉን ከፍታ አየች፣ ጀርባውን በመዳፏ ዳበሰች፣ አራቱንም ሰኮና አነሳች። «ማነው እንዲህ የሚንከባከበው?» አለች። አባትህ ከቦራ ጋማ ላይ ገለባ ያነሳል።

«እንግዲህ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አለ ፉጨት። ልጅቷ ዘላ ወጣችበት። አንዴ በእርምጃ፣ አንዴ በሶምሶማ ግቢውን ዞረች፤ ልጓሙን ስትስብ ይቆማል፣ ስትለቅ ይሄዳል። ባልዲ ስናጥብ የተጠራቀመችውን የውሃ ኩሬ ሲያይ ግን ወደ ጎን ዘለለባትና ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። ደግነቱ ሳቀች። «ምን ነካው?»

«ውሃ ይፈራል» አለ ፉጨት። «ልጃቸው ድመት ነው እንጂ ፈረስ አይደለም ይለው ነበር። እንኳን ወንዝ፣ የዝናብ ኩሬ ውስጥ እግሩን አያስነካም። ሌላ ነውር የለበትም፤ ሰው ከወደደ ደግሞ እንደ ቡችላ ሲከተል ነው የሚውለው።»

አንተም ከዚያ ጉድ አላመለጥክም፤ ፀጉር ቤት ድረስ ተከትሎህ ሄዶ በመስኮት ሲያይህ ሰው ሁሉ እንደሳቀብህ አልረሳሁም።

ሐኪሟ ወርዳ «እኔ አሳልፌዋለሁ» አለች። ያ ኮምጣጣ ሰውዬ ግን ፋይሉን ገለጠና «በዚህ ፈረስ ሰው ሞቷል ይላል» አለ። ልጅቷ እጇ ቦራ አንገት ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ እጄን አጣጥፌ ቆሜያለሁ። ይኸው ደረሰብህ፣ ቦራ፣ እያልኩ ነው በሆዴ።

አባትህ ኮፍያውን አወለቀ። «አልጣለውም» አለ።

«ምን አሉ አባባ?»

«ፈረሱ ልጄን አልጣለውም። ሲመጣ የያዝኩት እኔ ነኝ። የልጓሙ ዛብ ተቋጥሮ ጋማው ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም እርካቦች ወደ ላይ ተስበው ኮርቻው ሥር ተሸጉጠዋል። የወደቀ ሰው ዛብ አይቋጥርም። ልጄ በራሱ እጅ ነው የወረደው።»

ፈረስን ብቻውን ወደ ቤት የሚሰድ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ዛቡን ረግጦ እንዳይሰናከል፣ እርካቡ ጎኑን እንዳይደበድበው። በልጅነትህ ያስተማረህ እሱ ራሱ ነው። ሰውየው «ታዲያ ለምን ጣለው ብለው ተናገሩ?» ሲለው፣ አባትህ ወደኔ ሳያይ፣ «ለናቱ ፈረስ ጣለው ይሻላታል ብዬ ነው» አለ።

የተናገረውን አስፈረሙት። ሐኪሟም አብራ ፈረመች፤ ቆርቆሮዋን ራሷ ልጓሙ ላይ አሰረችለት። እኔ የፉጨትን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። ከዚያ ታምናለህ? ሳቅሁ! ልጄ አለ! ጥሎን ሄደ እንጂ አልሞተም! ሰው ቤቱ ሲመረው ይሄዳል፤ ያንተ የመጀመሪያው አይደለም። የሄደ ደግሞ ይመጣል። ሰዎቹ ሲወጡ አባትህ ላይ ጮህኩበት። «ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ልጄን በቁሙ ቀበርክብኝ!» አልኩት። ጨርቅ አንስቶ ጎንበስ ብሎ የቦራን እግሮች ያደርቃል፣ እግሮቹ ግን እርጥብ አልነበሩም። እያለቀሰ ነበር። ልጅህ በሕይወት አለ ሲባል የሚያለቅስ አባት አይቼ አላውቅም አልኩ ለራሴ።

ዛሬ ጠዋት ቦራን ጭኜ፣ ዛቡን ይዤ፣ በእግሬ እስከ መታጠፊያው ሄድኩ። አንድ ቀን ረግጬው የማላውቀው ቦታ ነው። ታውቀዋለህ፤ ወደ ላይ አውቶብስ የሚቆምበት አስፋልት፣ ወደ ታች ወንዙ። እንዴት አድርገህ እንደሄድክ ማየት አማረኝ። ዛቡን ቋጥሬ ጋማው ላይ አደረግሁ። እርካቦቹን ሸጎጥኩ። «በል ቤት ሂድ» ብዬ ቂጡን መታ አደረግሁትና አንተ በሄድክበት ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።

ተከተለኝ። ዞሬ «ሂድ!» ብዬ አጨበጨብኩ፤ ቆመ። ስሄድ ተከተለኝ። ጠጠር ወረወርኩበት፣ ይቅር ይበለኝ፤ ትንሽ ቆሞ መጣ። አውቶብሱ ማቆሚያ ድረስ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ነበር። የተሰለፉት ሰዎች «እማማ፣ እሱም ትኬት ይቆረጥለታል?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ቦራ በመንገድ ሰው ጥሎ አይመለስም ልጄ፤ ብታባርረውም አይሄድልህም።

መኪና ወዲያው አግኝተህ መሆን አለበት። አዎ፣ መኪና ነው፤ እሱ ሳይደርስብህ ገብተህ በሩን ዘግተሃል።

በወንዙ በኩል አልሞከርኩትም። ምን ላደርግ እሞክረዋለሁ?

ስመለስ አባትህን «መኪና ቶሎ አግኝቶ ነው፣ አይደል?» አልኩት። ኮርቻውን ያወርድ ነበር። «ያን ቀን ሌላም ያየኸው ነገር አለ?» አልኩት። ምን አስጠየቀኝ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ኮርቻውን ሰቀለና፣ «የቦራ እግሮች እርጥብ ነበሩ» አለኝ። «እስከ ጉልበቱ።»

ቦራ ሣሩን ያኝካል።

«ዝናብ ነበራ!» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «አዎ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ዝናብ ሳይሆን አይቀርም።»

ዝናብ እኮ እንዲህ ነው ልጄ፤ አንዱን ጓሮ አርሶ ሌላውን ይዘለዋል። እዚህ ልብስ ክው ብሎ ሲደርቅ እዚያ ማዶ ወርዶ ይሆናል። ማን ያውቃል?

አባትህ ከወጣ በኋላ ቦራ ጋ ገባሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንገቱን አቀፍኩት። ጎንበስ ብዬ እግሮቹን ከሰኮናው እስከ ጉልበቱ በእጄ ዳሰስኳቸው፤ ይሄ ኩሬ የሚፈራ፣ ይሄ ድመት የምትለው። ለምን እንዳለቀስኩ አትጠይቀኝ። ከእንግዲህ የሚያበላው አባትህ ብቻ አይደለም። ለሰውም አናከራየውም፤ ፈቃዱ ይሰቀልለት፣ እሱ ይረፍ።

ፖስታ ቤት አልሄድም፤ አድራሻ ይጠይቁኛል። ይህን ደብዳቤ ኮርቻህ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ስትመጣ መጀመሪያ የምታነሳው እሱን ነው። ቦራ አሁን ግራ ጎኑን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል፤ እኔም ዛሬ ከአጠገቡ ሆኜ በሩን እያየሁ ነው።

በል ልጄ፣ ባለህበት ደግ ሰው ይግጠምህ። ብርድ አይንካህ፣ ጨለማ አያስፈራህ። እናትህ ድፍት ትበልልህ። ካልሲህ ከረጠበ ቶሎ ለውጥ፣ እንዲሁ አትዋል። ፈጣሪ እግርህን ደረቅ መሬት ላይ ያኑርልኝ።

እናትህ